ልጅቷ ሠራተኛ ነበረች፦ ስለ ፌርሜር የተጻፈውን ልቦለድ ያነበባችሁ እስቲ ኑ

ደንገል ጫፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሆላንዱ ሠዓሊ ስለ ፌርሜርና ቤቱ ስለተቀጠረችው ልጅ የሚተርከውን የትሬሲ ሸቫሊየርን «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጅ» (Girl with a Pearl Earring) የተባለ ልቦለድ ትናንት ሌሊት ጨረስኩ። በ1999 የታተመ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ልጻፍ፣ እንዳንምታታ)። እዚህ ባሕር ዳር ስድስት ሆነን አንዷን የእንግሊዝኛ ቅጂ እየተቀባበልን ነው ያነበብናት። እኔ ጋ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ሽፋኗ በፕላስተር ተለጥፏል፣ መሐሏ ላይ የቡና ጠብታ አለ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ። ግሪት 16 ዓመቷ ነው። አባቷ የግድግዳ ሸክላ ላይ እየሣለ ነበር ቤቱን የሚያስተዳድረው። የሸክላው መተኮሻ ምድጃ ፈንድቶ ዓይኑን አጠፋው። ቤቱ ሲቸግረው ልጅቷ እዚያው ዴልፍት ከተማ ሠዓሊው ቤት ተቀጠረች። ታሪኩን የምትነግረን ራሷ ናት።

እኔን የያዘኝ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ሠዓሊውና ሚስቱ ሊያዩዋት ሲመጡ ልጅቷ ለሾርባ አትክልት እየከተፈች ነው። የከተፈችውን ዝም ብላ አልከመረችውም። በክብ ደርድራዋለች፤ ካሮቱ ለብቻ፣ ቀዩ ጎመን ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ልክ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚወጣው ቅርጽ። ሰውዬው ለምን እንዲህ እንዳደረገች ይጠይቃታል። አንዳንዱ ቀለም ከአንዳንዱ ጋር ጎን ለጎን ሲሆን እንደማይስማማ ትነግረዋለች። በቃ፣ እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያን ዓይን እኮ ከሠዓሊው ቤት አላገኘችውም። ከእናቷ ማጀት ይዛው ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ የምትሠራውን ቁጠሩት። ልብስ ታጥባለች፣ ሥጋ ቤት ትላካለች፣ ውኃ ትቀዳለች። የሥዕል ክፍሉን ስታጸዳ ምንም ነገር ከቦታው ፈቀቅ ማለት የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ በስንዝሯና በክንዷ ለክታ አንስታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ በልኩ ትመልሰዋለች። ቆጥ ላይ ወጥታ ቀለም ትፈጫለች። እንዲያውም አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ በራሷ ፈቃድ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ እሱም አይቶ ሥዕሉን በዚያው አረመው።

ታዲያ ቡና ላይ ስናወራ ሁሉም «የሠዓሊው መነሳሻ ነበረች»፣ «የፍቅር ታሪክ ነው» ይላል። እኔ አልዋጥልኝ አለ። መነሳሻ ማለት ቁጭ ብላ የምትታይ ነው። ይቺ ልጅ ሠርታለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጣና ሞገድ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ ግን ፍቅሩን አትካጂው። የጆሮውን ቦታ እንዴት ዘለልሽው? ሠዓሊው ልጅቷን የሚሥላት በዕንቁ ጉትቻ ነው፤ ጉትቻው የሚስቱ ነው። የልጅቷ ጆሮ አልተበሳም። ከመድኃኒት ቤት የቅርንፉድ ዘይት ገዝታ፣ ጆሮዋን አደንዝዛ፣ ሌሊት ብቻዋን በመርፌ በሳችው። ለደሞዝ ብሎ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ? እሱም ጉትቻውን በገዛ እጁ ነው ያደረገላት። እኔ እዚያ ገጽ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብዙ ሳይነጋገሩ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ቀላል አይደለም። የኛ ልቦለዶች ላይ ሰዎቹ ቶሎ ይናገራሉ። እዚህ ዝምታው ነው የሚያወራው።

ደንገል ጫፍ፦
ጣና ሞገድ፣ ያንን ገጽ ጨርሰህ አንብበው። ሥዕሉ ላይ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። እሱ ግን ሁለቱንም ካላደረግሽ አላት። ሁለተኛውንም በሳችው። ማንም ለማያየው ጆሮ ደሟ ፈሰሰ። አንተ ፍቅር አልከው፣ እኔ ስሙን ሌላ ነው የምለው።

ፖሊ ግቢ፦
ስለ መጽሐፉ ስትከራከሩ ሥዕሉን ራሱን የረሳችሁት መሰለኝ። ትንሽ ልጨምር፣ ሥዕል ስለምወድ ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ፤ በስልክ ቢሆንም።

የመጽሐፉ ስም የተወሰደበት የፌርሜር ሥዕል በ1665 ገደማ የተሣለ ነው። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቱ 44.5፣ ወርዱ 39 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በደረት ታቅፋችሁት የምትሄዱት ነገር። አሁን ዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1881 በጨረታ ሲሸጥ 2 ጊልደር (የድሮው የሆላንድ ገንዘብ) ከ30 ሳንቲም ነው የወጣበት። ያኔ በጣም ቆሽሾ ነበር። የገዛው ሰው ነው በኋላ ለሙዚየሙ በኑዛዜ የተወው።

ደግሞ የታወቀች ሴት ምስል አይደለም። ሆላንዶቹ «ትሮኒ» ይሉታል፤ የአንዲትን ሴት መልክ ለማስቀረት ሳይሆን የፊት ዓይነትን፣ አለባበስን፣ አስተያየትን ለማሳየት የሚሣል ነው። ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን ናት ብሎ የጻፈ የለም። ግሪት የምትባለው ልጅ ሙሉ በሙሉ የደራሲዋ ፈጠራ ናት።

በ2018 ሙዚየሙ ሥዕሉን በመሣሪያ አስመረመረው። ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ሽፋሽፍቶች አሏት። ሁለተኛ፣ ያ ጥቁር ጀርባ ድሮ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ጠፍቶ ነው የጨለመው። ዕንቁውም ማንጠልጠያ የለውም። ጥቂት የነጭ ቀለም ንክኪ ነው፤ ዓይናችን ነው ዕንቁ የሚያደርገው።

ሻሿ ላይ ያለው ሰማያዊ ደግሞ የሚሠራው ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ድንጋይ ነው። በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ነበር። እሱ ግን አይሰስትም፣ ጥላ ውስጥ ሳይቀር ይጨምረዋል። መጽሐፉ ውስጥ ግሪት የምትፈጨው ያንን ድንጋይ ሲሆን እጄ የከበደኝ ለዚህ ነው። ድንጋዩን ፈጭቶ፣ አጥቦ፣ ሰማያዊውን ከቆሻሻው መለየት የቀናት ሥራ ነው።

የአዴት ልጅ፦
መጽሐፉን አላነበብኩትም። ርእሱን አይቼ ነው የገባሁት።

እኔ በ14 ዓመቴ ነው ከአዴት መጥቼ እዚህ ከተማ ሰው ቤት የገባሁት። አሁን የራሴ ሥራ አለኝ፣ ማታ ተምሬ ነው። የቤቱን ሰዎች አልጠራም። ያ ዕቃን ለክቶ መመለስ ያላችሁት አለ አይደል? እኔ አውቀዋለሁ። ሳሎን ውስጥ የመስታወት ቁምሳጥን ነበር፣ ብርጭቆዎቹ በመስመር። ከሁለቱ ብርጭቆ መሐል አንድ ጣት፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት። አንድ ቀን ሦስት ጣት ሆኖ ተገኘ። ሙሉ የወር ደሞዜን ነው ያስቀሩብኝ፣ ሰርቀሽ ልትወስጂ ነካክተሽ ነው ተብዬ።

እና ዕቃ በጣት መለካት ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። ፍርሃትም ነው። ጻፊዋ ይህንን አውቃ ከጻፈችው ጎበዝ ናት። አሁንም ድረስ ሰው ቤት ስገባ ዕቃው መሐል ያለውን ክፍተት ነው ቀድሜ የማየው።

መጽሐፏን የሚያውሰኝ አለ? እንግሊዝኛዬ ቀስ ይላል እንጂ አነባለሁ።

ደንገል ጫፍ፦
የአዴት ልጅ፣ እህቴ፣ መጽሐፏ የአንቺ ናት። ነገ ከሥራ ስትወጪ የት እንደማገኝሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። እኔ ጎበዝነቷን ብቻ ነበር ያየሁት። ልጅቷ እዚያ ቤት ውስጥ በሌብነት ስትጠረጠርም አለ፤ ከልጆቹ አንዷ ሆን ብላ የእናቷን ማበጠሪያ ደብቃባት። ያንን ያነበብኩት እንደ ተራ ተንኮል ነበር።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። እኔ ታሪክ ነው ያስተማርኩት፣ ስለዚህ በሌላ ወገን ልቁም። መጽሐፉ ጥሩ ተጽፏል። ግን በሚስቱ ላይ ግፍ ተሠርቷል።

ካታሪና እውነተኛ ሰው ናት። 15 ልጅ ወለደች፣ 4ቱን በጨቅላነታቸው ቀበረች። በልቦለዱ ውስጥ ግን ቀናተኛ፣ ሥዕል የማይገባት፣ ዕቃ የምትሰብር ሆና ነው የቀረበችው። በ1672 ፈረንሳይ ሆላንድን ወረረች፤ የሥዕል ንግዱ ሞተ። ባሏ ዕዳና ሐሳብ አናውዞት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከጤነኛነት ወደ ሞት ሄደ ብላ በኋላ ለባለሥልጣናት ያመለከተችው ራሷ ናት። በ1675 ሞተ፣ 43 ዓመቱ ነበር። ለዳቦ ጋጋሪው ከ600 ጊልደር በላይ ዕዳ ነበረባቸው፤ ሁለት ሥዕል ሰጥታ ነው ያስታገሠችው። ዳቦ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ ልጅ ያበላችበት። ይቺን ሴት ለአንዲት በሐሳብ ለተፈጠረች ልጅ ማድመቂያ ማድረግ አንጀቴን አቃጠለው።

ሌላም አለ። በዚያ ቤት በእውነት የነበረች ሠራተኛ አለች። ታኔከ ትባላለች። ስሟ የቀረው በሥዕል ሳይሆን በምስክር ቃል ነው። የካታሪና ወንድም ጠበኛ ነበረ፤ እህቱ እርጉዝ ሳለች ጫፉ ብረት ባለው ዱላ ሊመታት ሲመጣ መሐል ገብታ ያስጣለችው ታኔከ ናት። ልቦለዱ ውስጥ አለች፣ ግን አኩራፊ ወጥ ቤት ሆና። እኔ ደራሲ ብሆን የሷን ነበር የምጽፈው።

ጣና ሞገድ፦
ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካታሪናን የምናያት በግሪት ዓይን ነው እኮ። አሠሪዋን የምትፈራ የ16 ዓመት ልጅ እመቤቷን በፍትሕ እንድትዳኝ እንጠብቃለን? የአዴት ልጅ ያችን ባለ መስታወት ቁምሳጥን ሴትዮ ጽፊልን ብንላት መልካሟን ትጽፍልናለች?

ጡረተኛ መምህር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ተራኪዋ ማወቅ አይጠበቅባትም። ደራሲዋ ግን ሰነዱን አንብባለች። አንባቢው ከግሪት አልፎ እንዲያይ አንድ ስንጥቅ ልትተውለት ትችል ነበር። እኔ ስንጥቁን ፈልጌ ያጣሁት አማቲቱ (የካታሪና እናት) ጋ አይደለም፤ እሷስ ደህና ተሥላለች፤ ካታሪና ጋ ነው።

ሰማይ ዳር፦
ፊልሙን ብቻ ነው ያየሁት፣ የ2003ቱን። ብርሃኑ እንዳለ ሥዕል ነው። ግን ግሪት ውስጧ የምታስበው ስለማይሰማ ዝም ብላ የምታፈጥ ልጅ ሆናብኝ ነበር። እዚህ የጻፋችሁትን ሳይ ነው ምን እንዳመለጠኝ የገባኝ።

የአቡጀዲ ልጅ፦
የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው። ልጽፍ አልጽፍ ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ።

እኛ ጋ ሰው ቁጭ አድርጎ መሣል የለም። የእመቤታችን መልክ ከቀደመው ሥዕል ነው የሚወሰደው። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ጣና ገዳማት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ይሣልና ጨርቁ ጭድ በተቦካበት የጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ መምህሬ ጋ ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ አቡጀዲ መወጠርና ሙጫ ማሞቅ ነበር። ሙጫ ከፈላ ይበላሻል፤ ሙቀቱን በጣት ነው የምታውቀው። ሁለት ዓመት ብሩሽ አልነካሁም። ስለዚህ የግሪት ቀለም መፍጨት ለኔ እንግዳ አይደለም። እየፈጨህ ነው የምትማረው።

ግን ስለ «መነሳሻ» የምነግራችሁ አለኝ። መምህሬ ሚስታቸው በልጅነታቸው ሙቀጫ ግራ እጃቸውን መትቷቸው ትንሿ ጣታቸው ወደ ውጭ ታጥፋ ቀርታለች። ለኛ ለተማሪዎቹ እንጀራ ሲያቀርቡልን ሁልጊዜ ያቺ ጣት ትታየኛለች። አንድ ጊዜ መምህሬ ምስለ ፍቁር ወልዳን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ቀለም እበጠብጣለሁ። ልጇን ያቀፈችበትን እጅ አየሁት። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ታጥፋለች።

ልጅ ነበርኩ። «የኔታ፣ ይቺ የእማማ ጣት አይደለችም?» አልኳቸው።

ምንም አልመለሱልኝም። ብሩሻቸውን አጥበው ወጡ። በነጋታው ስገባ ጣቷ ተቃንታለች።

ያወቁት አይመስለኝም። እጃቸው ነው ያወቀው። እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ያቺ ጣት እዚያ ግድግዳ ላይ እስካሁን ነበረች። ይቆጨኛል። ስለዚህ የሆላንዱ ሰውዬ ልጅቷን ይውደዳት አይውደዳት እኔ አላውቅም። ሠዓሊ የኖረበትን ቤት እጅ ሳያስበው እንደሚሥል ግን አውቃለሁ።

ደንገል ጫፍ፦
የአቡጀዲ ልጅ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ገጾች ይህ የጻፍከው በልጦብኛል። ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመልስ። የየኔታ ሚስት እንጀራ እያቀረቡ ነው የተሣሉት። አልተቀመጡም፣ ጉትቻም አላደረጉም። መሥራትና መነሳሻ መሆን አንድ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ክርክሬን ላስተካክለው። ቃሉ አይደለም የከፋኝ። ሥራው መረሳቱ ነው።

የዘጌ ጀልባ፦
ሰላም ናችሁ። እኔ እንግዳ ወደ ገዳማቱ በጀልባ የማመላልስ ነኝ። መጽሐፉን አላውቀውም ግን ስለ ስም ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በኛ አገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሠዓሊው ነው የማይታወቀው፣ ያሠራው ሰው ነው የሚታወቀው። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ እቴጌ ምንትዋብን ታገኟቸዋላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ንግሥት ናቸው፣ ልብሳቸው ያበራል፣ ግን መሬት ላይ ናቸው። የሣላቸውን ሰው ማን ብለህ ትጠይቃለህ? ዝም ነው።

ከሠዓሊዎቹ ስሙን ያተረፈ ፍሬ ጽዮን ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፎበታል። ዳጋ ሴቶች አይገቡም፣ ናርጋ ግን ትገባላችሁ፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እንደዚያው።

ፖሊ ግቢ፦
ይህ ጥሩ ነገር ነው። ዴልፍት ላይ ሠዓሊው ስም አለው፣ ልጅቷ የላትም። ናርጋ ላይ የተሣሉት ስም አላቸው፣ ሠዓሊው የለውም። ለሠዓሊውም አንድ ልቦለድ የሚጽፍለት ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ መምህር በካታሪና የተቆጡትን ያህል በምንትዋብ ላይ ግፍ የማይሠራ ሰው።

ጡረተኛ መምህር፦
እኔ በሕይወት እያለሁ ይጻፍና አርማለሁ።

የአዴት ልጅ፦
ጨረስኳት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ በየገጹ መዝገበ ቃላት እያየሁ።

ደንገል ጫፍ፣ ካንቺ ጋር ላልስማማ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። ሠራተኛ ነበረች ማለትሽ እውነት ነው። እኔ ግን ሰው ቤት እያለሁ ከሥራው በላይ ያደከመኝ የማያየኝ ሰው መብዛቱ ነበር። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና አቀርባለሁ፣ ጀበናውን ያያል፣ ሲኒውን ያያል። ፊቴን የሚያይ የለም። ስሜን ጠርቶ የሚያመሰግን ሰው የመጣ ዕለት ሌሊቱን አልተኛሁም። ወንድ ስለሆነ አይደለም፣ እናቴን የምታክል ሴት ነበረች።

ስለዚህ ግሪት ሁለተኛውን ጆሮዋን የበሳችበት ለኔ ግፍም ፍቅርም አይደለም። የሚያያት ሰው አገኘች። ያ ሰው እንዳያቆም ፈራች። የዚያን ዕድሜ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያስራት እኔ ልነግራችሁ እችላለሁ።

መጨረሻውን ያላነበባችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ።

ከዓመታት በኋላ ሰውዬው ሲሞት ጉትቻዎቹ ለሷ ይደርሳሉ። አግብታለች፣ ሥጋ ቤት ነው የምትሠራው። ልታደርጋቸው አትችልም። ወስዳ በ20 ጊልደር ሸጠቻቸው። 15ቱን የሠዓሊው ቤት ለሥጋ የነበረበትን ዕዳ ብላ ለባሏ ሰጠች። 5ቱን ደበቀች፣ ላታወጣቸው። እዚህ ላይ አለቀስኩ። እኔም ያንን ቤት ስለቅ በመጨረሻ የሰጡኝን ብር ለእናቴ ላክሁ። ከውስጡ አንዷን ባለ አሥር ብር አስቀረሁ። እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። አሁንም ሣጥኔ ውስጥ ናት፣ የድሮው ብር ሲቀየር እንኳን አልቀየርኳትም።

ደንገል ጫፍ፦
አልተቀየምኩሽም። ምን ብዬ።

የዘጌ ጀልባ፣ ናርጋ ስድስት ሰው ብንሆን ትወስደናለህ?

የዘጌ ጀልባ፦
እወስዳለሁ። ናርጋ ሩቅ ነው፣ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይበላል። ከሰዓት በኋላ ጣና ይነሳል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ወደቡ ላይ ሁኑ። ነጠላ ያዙ፣ ምሳም ያዙ። ውስጥ ጨለም ይላል፣ መስኮትና በሩ ሲከፈት ነው ሥዕሉ የሚታየው፤ ቄሱን እኔ አነጋግራለሁ።

የአዴት ልጅ፦
ሰባት አድርጉት።

የአቡጀዲ ልጅ፦
ስምንት። የእቴጌይቱን እጅ በቅርብ ማየት እፈልጋለሁ።